ሁለተኛው ስክሪን

«ሁለት ስክሪን አንድ ኮምፒውተር ላይ ከተሰካ አንዱ ይቃጠላል» አለ ሚሳኤል የጫማውን ክር እያሰረ። ሳምንቱን ሙሉ ሲል የሰነበተውን ነው የደገመው። በወሬው ሰኞ ዕለት የነደደው የአንድ የፒያሳ ሰውዬ ስክሪን ብቻ ነበር። ረቡዕ ላይ መጋረጃው ተጨመረ። ዛሬ፣ እሑድ፣ ሶፋውም አልተረፈም።

ጸደንያ ከጠረጴዛው ሥር ቀና ሳትል፣ «ሰውዬውስ? እሱን ለሚቀጥለው ሳምንት አስቀምጠኸዋል?» አለችው።

እናታቸው ተናኘ አልሳቀችም። የአቧራ መጥረጊያዋን እንደያዘች መጋረጃዋን አየችና ወደ ጓዳ ገባች።

ኮምፒውተሩ የሚሳኤል ነው። ከማሠልጠኛ ሰርተፊኬት ያለውም እሱ ነው። እሱ ሥራ ሲውል ግን እላዩ ላይ ተጥዳ የምትውለው እህቱ ናት፤ ማንም ሳያስተምራት የትምህርት ቤቷን የሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ሁሉ በአማርኛ የምትተይበው እሷ ሆናለች። የሚያበሽቃት የፊደል ሰንጠረዡ ነው። አንዲት ያልለመደቻት ፊደል በመጣች ቁጥር ጽሑፏን ትታ ሰንጠረዡን መክፈት፣ የቱን ቁልፍ እንደምትነካ አይታ መመለስ አለባት። ሁለት ስክሪን ቢኖራት አንዱ ላይ ሰንጠረዡ ተከፍቶ ይቀመጥላት ነበር። አዲሱ ዊንዶውስ ይህን እንደሚችል መዝገበ ቃላት አጠገቧ አድርጋ ከኮምፒውተሩ ከራሱ አንብባለች። ሚሳኤል አላነበበም። እሱ ያመነው የፒያሳውን ሰውዬ ነው።

ለቡ ቤት ተከራይቶ ከመካኒሳ ሊወጣ ዕቃውን ሲሸክፍ ነው ነገሩ የከረረው። ኮምፒውተሩን ተውልኝ አለችው። «እሑድ መኪናው እስኪመጣ ሁለቱንም ካሠራሽ ላንቺ ይቅር። ካልሆነ ይዤው እሄዳለሁ፤ አንቺ ዘንድ ዳንቴል ማልበሻ ነው የሚሆነው» አላት።

ስክሪኑን ያዋሳት ጎረቤታቸው ሸምሱ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ኮምፒውተር ከተበላሸ ወዲህ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ስክሪን ነበረው፤ ለሁለተኛው ስክሪን የሚያስፈልገውን ካርድም ከዚያው ከተበላሸው ፈትታ እንድታወጣ ፈቀደላት። ሚስቱ ስታጉረመርም፣ «ጸዲ እጅ ላይ ዕቃ አይበላሽም» ብሎ ነው የሰጣት። ትናንት ለብቻው ሰክታ ሞከረችው። ጥርት አድርጎ ነው ያሳየው።

ዛሬ ግን እንቢ አለ። ካርዱን አስገብታ ብሎኑን አጥብቃ ስታበራው ኮምፒውተሩ ሁለቱንም አወቃቸው፤ በመጀመሪያው ስክሪን ላይ አንድና ሁለት የተባሉ ሣጥኖች ጎን ለጎን ወጡ። ሁለተኛው ስክሪን አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ፣ ፊቱን እንደ ድስት ቂጥ አጥቁሮ ቁጭ አለ። ገመዱን ነቅላ ሰካች። ካርዱን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረችው። ኮምፒውተሩ እያቃሰተ በተነሣ ቁጥር ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች፤ ያው ጥቁር ነው። የኮምፒውተሩ ቆርቆሮ ጠርዝ ጣቷን ቆረጣት። ካቻቢቴውን ወርውራ መልሳ አነሣችው።

«ቀን ሙሉ ብታፈጪበት አይራራልሽም» አለች ማርቲ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ቆሎ እየቆረጠመች። የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ለድጋፍ ብላ ነው የመጣችው።

ሚሳኤል ታክሲ ሊጠራ ወጣ። የበሩ ድምፅ እንደራቀ ማርቲ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ስክሪኑ የሞተ ነው በዪው። ሸምሱ አሮጌ ዕቃ ነው ያሸከመኝ በዪ። ሌላ እስክታገኚ ይጠብቅሻል።»

«ትናንት ሠርቷል እኮ።»

«ማን አየ? እኔና አንቺ። እኔ ደግሞ ምንም አላየሁም። ፋራ አትሁኚ።»

ጸደንያ ጥቁሩን ስክሪን አየችው። የራሷን ፊት መልሶ አሳያት፣ ፀጉሯ ተንጨባርሯል። ውሸቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ሚሳኤል ያምናታል፤ ኮምፒውተሩም ይቆይላታል። ሚሳኤል ደግሞ ወሬ አይቋጥርም፤ የሸምሱ የሞተ ስክሪን እስከ አቦ ሰፈር ድረስ ይወራል፣ እየተወራም ያብጣል። «አልቻልኩም» የሚለውን ቃል ግን ለዚህ ወንድሟ ብላው አታውቅም።

ውጭ ላዳ ታክሲዋ ጥሩምባዋን ነፋች። ሚሳኤል በሩን ከፍቶ ገባ።

«እህስ?»

«ስክሪኑ…» አለች። ማርቲ ከኋላዋ ቆነጠጠቻት።

«ስክሪኑ ምን ሆነ?»

«ስክሪኑ ደህና ነው። እኔ ነኝ ያቃተኝ።»

የሚለውን ሁሉ አስቀድማ ታውቀዋለች፣ መልሱንም አዘጋጅታ ነበር። ሚሳኤል ግን አልቀለደም፤ ያ ደግሞ ባሰባት። የሸምሱን ካርድ ፈትታ እስክታወጣ ቆሞ ጠበቃት። ኮምፒውተሩን አቅፎ ሲወጣ፣ «መቼም ሳይቃጠል ቀረ» አለ ቀስ ብሎ። ማርቲ ቆሎዋን ኪሷ ከትታ፣ ቻው እንኳ ሳትል ወደ ቤቷ ሄደች።

ላዳዋ አቧራዋን አስነሥታ ሄደች። ጸደንያ ካርዱን ኪሷ ከትታ ከእናቷ ጋር ስክሪኑን በሁለት ጎን ተሸክመው ወጡ። ተናኘ ዳንቴል አልብሳዋለች፤ የሰው ዕቃ ራቁቱን አይመለስም። ሸምሱ በር ሳይደርሱ ተናኘን ደከማትና ድንጋይ ላይ አሳረፉት።

«አይዞሽ» አለች እናቷ ላቧን እየጠረገች። «ዋናው ቤታችን አለመንደዱ ነው። እኔ ጠዋት አቧራውን ስጠርግ እሳቱን ባልቀንሰው ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?»

«የምኑን እሳት?»

ተናኘ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ ከስክሪኑ አገጭ ሥር የተሸጎጠችውን ትንሽ ጎማ በጣቷ ነካች። «የዚህን ነዋ። እንደ ቡታጋዙ ናት፤ ወደዚህ ስታዞሪያት እየቀነሰ እየቀነሰ ይጠፋል። ያንን የፒያሳ ሰውዬ ሰምቼ ዝም ልበል?»

ጸደንያ መንገዱን አየች። ላዳዋ ከታጠፈች ቆይታለች። የስክሪኑን ብርሃን የምትጨምርና የምትቀንሰውን ጎማ በአውራ ጣቷ ትናንት ወደነበረችበት መለሰቻት፤ ዳንቴሉንም አስተካከለችው።

«በይ ነይ እማዬ» አለች፣ «ከባዱን ጎን እኔ ልያዝ።»