ከመኪናው ማዶ ያለው እጅ

እኔ የመንፈስ ወሬ፣ የጥላ ወሬ፣ የሕልም ፍቺ ሲነሳ ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ይህን ሚስቴ ትመስክር፣ በጎረቤቶቿ ፊት ስንቴ እንዳሳፈርኳት የምታውቀው እሷ ናት። አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ «ጨረስክ?» ብዬው ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። እናንተም እንደዚያ ብትሉኝ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ፣ ለማን እንደምናገረው ጠፍቶኛል።

ሥራዬ የመኪና ጭረት ማጥፋት ነው፣ እዚሁ ዲላ፣ ወደ ይርጋ ጨፌ መውጫው ላይ፣ ከአንድ ላቫጆ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ጥላ ሥር። መኪና አቧራ በያዘ ጨርቅ በተወለወለ ቁጥር ቀለሙ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ይቀራል፣ ጥላ ውስጥ አይታይም፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው ግን ባለቤቱን ያሳፍራል። ያንን ነው በፖሊሽና በጨርቅ፣ በእጃችን እያሸን የምናጠፋው። በማሽን ለምን አትሠሩም የሚለን አይጠፋም፣ ማሽን ይቸኩላል፣ ያረጀ ቀለም ላይ ከተቸኮለ ደግሞ ቆርቆሮው ብቅ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ የሚናገረውን አልነግራችሁም።

«እኛ» ያልኩት እኔን መለሰንና ባልደረባዬን በራሶን ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፣ እኔ በሹፌሩ በኩል፣ እሱ ከማዶ፣ ከኮፈኑ ጀምረን እያሸን ኋላ ላይ እንገናኛለን። ጎበዝ ነው፣ ግን አንድ ክፉ አመል አለው፣ ከበሩ እጀታ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ፣ ያቺን ሰው በጥፍሩ የሚቧጭራትን፣ በጭራሽ አይነካትም። «ነገ በጥፍራቸው ይመልሷታል፣ ለምን ብዬ ልድከም?» ይላል። በዚህ ስንጨቃጨቅ ኖርን፣ በመጨረሻ እሱ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ ዞሬ የምጨርሰው እኔው ነኝ።

ባለፈው ክረምት በራሶን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁም ምላሱም አንድ ላይ ታሰሩ፣ ሚስቱ ታደለች ቤተሰቦቿ ዘንድ፣ ገደብ ከተማ ወሰደችው። ሐኪሞቹ «እጁ የሚመለስ ከሆነ በቶሎ ነው፣ ከቆየ ተስፋ የለውም» ስላሏት፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም፣ በደወልኩ ቁጥር ስለዚያ እጅ ነው። እኔም ሁለቱንም ጎን ብቻዬን እያሸሁ ትከሻዬ እምቢ አለኝ፣ ማታ ሸሚዜን የምታወልቅልኝ ሚስቴ ናት። ደክሞኛል፣ በቃ፣ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጥቁር ኮሮላውን ይዞ መጣ። ሬኮ የሚባል ገጠር ድረስ ለጥናት ሲመላለስ የቡና ቅርንጫፍ ግራና ቀኟን ቧጭሯታል፣ በማግስቱ ደግሞ እህቱ የምትዳረው በዚያችው መኪና ነው።

«ፋዘር፣ ፕሊስ እንዳታሳፍረኝ፣ ፎቶ አለ፣ ቪዲዮ አለ» አለኝ። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ብቻህን ነህ እንዴ? ትጨርሳታለህ?»

«እጨርሳታለሁ» አልኩት። እንደማልጨርሳት እያወቅኩ ነው ያልኩት፣ ሰው ሲደክመው ክርክርም ይደክመዋል።

ውሃ ስለጠፋ ላቫጆው ባዶ ነበር፣ ልጆቹ ሁሉ ሄደዋል። ኮፈኑን በኔ በኩል እስከ መሀሉ አሸሁ፣ ወደ ፊተኛው በር ተሻገርኩ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ክንዴ ሲዝልብኝ ቆም አልኩ። የጨርቁ ድምፅ ግን አልቆመም። ሹሽ፣ ሹሽ፣ ሹሽ። መጀመሪያ ጆሮዬ ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ባጃጅ ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ነፋሱ ቆርቆሮውን ነው አልኩ፣ እመኑኝ፣ ለራሴ ያልሰጠሁት ምክንያት የለም። ከዚያ መዳፌን በሩ ላይ ባሳርፍ በሩ ይንቀጠቀጣል። ይህን የሠራበት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ከማዶ ሌላ ሰው ተደግፎ ሲያሽ መኪናዋ ከእጃችሁ ሥር ትንሽ ትንሽ ትወዛወዛለች። ያንን መወዛወዝ አሥራ አንድ ዓመት በመዳፌ አውቀዋለሁ።

ተነስቼ በመኪናዋ ጣሪያ ላይ አሻግሬ አየሁ። ማንም የለም፣ ድምፁም ቆመ። ቁጢጥ ብዬ ጨርቄን ሳነሳ እንደገና ጀመረ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው «ሮጥኩ» ይላችኋል። መሮጥ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን ደክሞኝ ነበር፣ እውነቱን ልናገርና ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ ደስ አለኝ፣ ተመስገን አንድ ሰው አገዘኝ አልኩ። ቀና ሳልል፣ ማዶ ሳላይ፣ እኔ በዚህ እሱ በዚያ እስከ ኋላ ድረስ አሸን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ ስጨርስ የማዶውም ድምፅ አበቃ።

ዞሬ አየሁ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጎን ትመታለች፣ በማዶው በኩል አንድ ጭረት የለም፣ መሬቱ ላይ ያለው ትርፍ ጨርቅ ግን እንደታጠፈ ነው፣ ደረቅ ነው። የሁለቱን በሮች እጀታ ቀና አድርጌ ጎድጓዶቹን አየሁ። የጥፍር ጭረታቸው እንዳለ ነው፣ አልተነኩም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ምን ላድርግ፣ ጨርቄን አንስቼ እንደ ልማዴ ጨረስኳቸው።

መምህሩ መኪናውን አይቶ አቅፎኝ ሄደ። ቤቴ ሳልደርስ ታደለች ደወለች።

«መለሰ ወንድሜ፣ ጌታ ሰማን! እጁ ተነሳች እኮ! ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ብርድ ልብሱን እንዲህ ክብ ክብ እያደረገ ሲያሽ ነበር፣ ፓስተሩም መጥቶ አየ!»

«መቼ አቆመ?» አልኳት።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ቃልም አወጣ እኮ፣ 'ደከመኝ' አለ። የመጀመሪያ ቃሉ ነች!»

ሰኞ ሌላ መኪና ያዝኩና ሆን ብዬ ጀመርኩ፣ አቆምኩ፣ ጀመርኩ፣ አቆምኩ። ማታ ታደለችን ጠየቅኳት፣ የበራሶም እጅ እንደዚያው ሲጀምር ሲያቆም ነበር የዋለው፣ ሰዓቱ ከሰዓቱ ጋር ይገጥማል። ረቡዕ በአውቶቡስ ገደብ ሄድኩ። በራሶ ከስቷል፣ ቀኝ መዳፉ ውሃ ቋጥሯል፣ የብርድ ልብስ ነው ትላለች ሚስቱ፣ እሺ ይሁን። አየኝና «ደከመኝ» አለ። ታደለች ደስ ብሏት አጨበጨበች፣ እኔ ግን ዓይኑን አይቻለሁ፣ እየነገረኝ ሳይሆን እየለመነኝ ነበር።

ታደለችን ደጅ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። ትደነግጣለች፣ ተው ትለኛለች ብዬ ነበር። ትከሻዬን፣ ያንን የሚያመኝን፣ ጨምድዳ ይዛ፣ «እንግዲያው ሥራ! በየቀኑ ሥራ፣ እባክህ፣ እጁ ሳትሞት!» አለችኝ።

«እያለቀ ነው እኮ፣ ታደለች፣ አታይውም?»

«አንተ ሥራ ብቻ!»

ተመልሼ አንድ ሳምንት ሥራ አቆምኩ፣ ለደንበኞቼ ትከሻዬን አሞኝ ነው አልኳቸው። እጁ ሳምንቱን ሙሉ አልተንቀሳቀሰም፣ እሷም በየማታው እየደወለች ታለቅሳለች፣ ጨካኝ አለችኝ፣ ልክ ናት አልልም፣ ተሳስታለችም አልልም። እሷ ባሏን ትፈልጋለች፣ እሱ ዕረፍት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ከዚህ ሌላ የምሠራው ሥራ አላውቅም።

ትናንት ጠዋት አንድ ነጭ ፒክአፕ ጥላው ሥር ቆሞ ጨርቁን ፖሊሽ ስቀባ ስልኬ ጮኸ።

«መለሰ ወንድሜ፣ ጀመርክ ወይ?» አለችኝ፣ «እጁን ብርድ ልብሱ ላይ አድርገን እየጠበቅን ነው።»

ከጀርባዋ በራሶ ሲያለቅስ ይሰማኛል፣ እንደ ሕፃን ነው የሚያለቅሰው።

«አሁን ልጀምር ነው» አልኳት፣ እሷም ጮክ ብላ ለሱ ደገመችለት።

ልቅሶው ወዲያው ቆመ፣ ለምን እንደቆመ ግን አልጠየቅኩም።