ሦስት ኩባያ ሩዝ

«ዛሬም ሙጫ ነው?»

ፌንጣ ማንኪያዋን ሩዙ መሃል ተክላ ለቀቀችው። ማንኪያው አልወደቀም። እንደ ባንዲራ እንጨት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሙጫ አይደለም፤ ሩዝ በሥጋ ነው። ብዪ» አለቻት ትልቋ።

«አትፎግሪኝ። የእማዬ ሩዝ አንዱ ካንዱ አይጣበቅም። ይቆጠራል።»

«እንግዲያው ያንቺንም ቁጠሪና ብዪ።»

ፌንጣ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሙ የወጣላት በወጉ መራመድ ሳትችል መዝለል ስለጀመረች ነው። እህቷ ደግሞ አሥራ አራት ዓመቷ ሲሆን ፌንጣ ከተወለደች ጀምሮ ቤት ውስጥ ከ«ትልቋ» በቀር በሌላ ስም የጠራት የለም። አባታቸው ከጠረጴዛው ማዶ አቀርቅሮ ይበላል። እናታቸው ከሞተች አምስት ወር ሆኗል። በነዚህ አምስት ወራት ቀርቦለት የመለሰው ምግብ የለም፤ ጣፈጠኝ ያለውም የለም። ሲጨርስ ሰሃኑን እስከ ኩሽናው በር ያመጣና ደፉ ላይ ቆሞ ለትልቋ ያቀብላታል። ወደ ውስጥ ግን አይገባም። ትልቋ ይህን ስንፍና ብላዋለች። ጮክ ብላ ባትናገረውም፣ ሰሃኑን ስትቀበል ትንሽ ነጠቅ ታደርገዋለች።

«ቅዳሜ አክስታችሁ ለምሳ ትመጣለች» አለ አባቷ።

«ለምሳ ብቻ?» አለች ትልቋ።

አባቷ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስለ ፌንጣ መነጋገር ትፈልጋለች። ለጊዜው እሷ ጋ ብትሆን አይሻልም ወይ እያለች ነው።»

«እሷ ጋ ሩዙ ይቆጠራል?» አለች ፌንጣ።

አባቷ ማንኪያውን መልሶ አነሳ።

አክስታቸው የእናታቸው ታላቅ እህት ናት። ነርስ ስለሆነች ሰው አቅፋ ስትስም እንኳ የልብ ምት የምትቆጥር ትመስላለች። ባለፈው ወር መጥታ የፌንጣን አንጓ በሁለት ጣቷ ያዘችና «ይቺ ልጅ ከስታለች» አለች። ክፋት አልነበረበትም፤ ትክክል ነበረች። ችግሩ የምትኖረው የግማሽ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቃ መሆኑ ነው። ፌንጣ ወደዚያ ከሄደች ትምህርት ቤቷም አልጋዋም እዚያ ይሆናል። የሚገናኙት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ነው። «ለጊዜው» የሚባለው ነገር ደግሞ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ማንም አይናገርም።

ትልቋ ያልገባት አንድ ነገር ነበር። እናቷ ይህን ምግብ ስትሠራ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታለች። በሳምንት ሁለቴ የሚበላው ከዚያው ከግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ነው። ግማሹ ሐሙስ፣ ግማሹ ቅዳሜ። ሥጋው ብዙ እንዲመስል ካሮት ይፈገፈግበታል። ሽንኩርቱ ቀላ ሲል ሥጋው ይገባል፤ ሥጋው ፍርፍር ሲል ካሮቱና ቲማቲሙ። ከዚያ ሦስት ኩባያ ሩዝ፣ በመደርደሪያው ሰማያዊ ኩባያ። ከዚያ ውሃ። የውሃው ልክ በኩባያ አይደለም፤ በድስቱ ነው። የድስቱን እጀታ የያዙ ሁለት ብሎኖች በውስጥ በኩል ጭንቅላታቸው ይታያል። ውሃው የታችኛውን ብሎን ሲሸፍን በቃ፤ ይከደናል፣ እሳቱ ይቀነሳል፣ ማንም እንዳይከፍተው። ትልቋ አንዱንም አላጓደለችም። ግን ሁልጊዜ ሙጫ ይወጣል። ከእናቷ እጅ ያልወረሰችው አንድ ነገር ያለ ይመስላት ጀመር። እንዲህ ያለውን ወሬ አትወደውም ነበር፤ ቢሆንም ሌላ ምክንያት አጣች።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ አክስቷን ሊቀበል ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄደ። ትልቋ ድስቱን ስታነሳ እጀታው ተወዛወዘ። የላይኛው ብሎን ላልቷል።

«ፌንጣ፣ ካቻቢቴ አምጪልኝ።»

«ከየት?»

«ተይው፣ ራሴ አመጣለሁ።»

አባቷ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ለሥራ የሚይዘው ቦርሳ አብሮት ይዞራል፤ ትልቁ የብረት ሳጥን ግን አልጋው ሥር ነው። ትልቋ ጎትታ አወጣችው። ላዩ ላይ መፍቻዎች፣ የመዳብ ቱቦ ቁራጭ፣ የተጠቀለለ ሽቦ። ካቻቢቴው ከታች ነበር። ከካቻቢቴውም ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ።

ስትፈታው ሰማያዊ ኩባያ ሆነ።

ኩሽና ካለው ኩባያ ጋር አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ግን በየቦታው ተሰብሮ ተጣብቋል። የሙጫው መስመር ቢጫ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ይሄዳል። አንድ ቦታ ሙጫው ተፍቆ እንደገና ተቀብቷል። ከጠርዙ የጥፍር ያህል ስብርባሪ ጎድሏል።

ያኔ አስታወሰች። ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ኩሽና ወለል ላይ ተንበርክኮ ይጠርግ ነበር። «ብርጭቆ ነው፤ እንዳይቆርጥሽ አትግቢ» አላት። እሱን ኩሽና ውስጥ ያየችው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አይታው አታውቅም። በማግስቱ መደርደሪያው ላይ ሰማያዊው ኩባያ እንደወትሮው ነበር። እንደወትሮው መሰላት። እናቷ በሕይወት ሳለች ትልቋ ያን ኩባያ አንድ ቀን እንኳ በእጇ ይዛው አታውቅም፤ አባቷ በምትኩ የገዛውን በምን ትለየው?

የተጣበቀውን ኩባያ ወደ ኩሽና ወሰደችው። ሩዝ ሞላችበትና ወደ ሌላው ኩባያ ገለበጠች። አዲሱ ኩባያ ሞልቶ ሩዙ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«አፈሰስሽው! ቀሽም!» አለች ፌንጣ በደስታ።

«ዝም በይ እስቲ።» ሦስት ጊዜ ደጋገመችው፤ ከሦስቱ የተረፈውን ሰብስባ ስትለካው አንድ ኩባያ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። አምስት ወር ሙሉ ሩዙ ሲያንስ ውሃው ያው የታችኛው ብሎን ድረስ ነበር።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። አምስት ወር ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ሙጫ ሲበላ አንድ ቀን እንኳ አፉን ቢከፍት ምን ነበረበት? ከዚያ ግን ያ የተፋቀው ሙጫ ታያት። የሞተ ፍሪጅ የሚያስነሳ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ ኩባያ መጠገን አልሆንለት ብሎት ነበር። እሱም ቢሆን ሩዙ ለምን እንደተበላሸ አያውቅም ይሆናል። የውሃው ልክ ብሎኑ መሆኑን ማን ነግሮት?

ኩባያውን በጨርቁ ጠቅልላ ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ከመመለሷ በፊት ግን ሦስት ሙሉ ኩባያ ሩዝ ለክታበታለች።

አክስቷ ስትደርስ ባዶ ሻንጣ ይዛ ነበር። ትንሽ ሮዝ ሻንጣ፤ የልጅ ልብስ የሚይዝ። በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ሁሉም አዩት።

ትልቋ ድስቱን ስትከፍት ሩዙ እያንዳንዱ ለየብቻው ነበር። ፌንጣ ሰሃኗ ላይ አጎነበሰች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…» አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ መቁጠሩን ትታ መብላት ጀመረች። አባቷ አንድ ጉርሻ ወስዶ ማኘኩን አቆመ። ቀና ብሎ ትልቋን አያት። እሷም አየችው። እንደገና አቀረቀረ።

«እጅሽ ይባረክ» አለች አክስቷ ሰሃኗን ጨርሳ። «የእህቴን ምግብ ነው ያበላሽኝ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ የአንድ ቀን ምሳ ቤት አያቆምም። ፊዚክስ ስንት አመጣሽ?»

«ሰላሳ ስምንት።»

«ከአርባ?»

«ከመቶ።»

«ሰኞስ?»

«ሂሳብ ፈተና አለኝ።»

አክስቷ ወደ አባቷ ዞረች። «በስልክ በየተራ ነው የምናበስለው ብለኸኝ አልነበር?»

«አዎ፣ እትዬ…» አለ አባቷ።

«አንቺ ንገሪኝ እስቲ። እውነት ነው?» አለች ወደ ትልቋ ዞራ።

«አዎ» ብትል ያበቃ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ሻንጣው ባዶውን ይመለሳል፤ ሰሃኖቹ ግን እንደ ቀድሞው ደፉ ላይ ለሷ ይሰጣሉ። ፌንጣ ከጠረጴዛው ሥር የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች።

ትልቋ የፌንጣን ጣቶች አላቃ ተነሳች። ከአልጋው ሥር ሳጥኑ ሲጎተት ሁሉም ሰሙት። ተመልሳ በጨርቅ የተጠቀለለውን አባቷ ፊት አስቀመጠችውና ፈታችው።

«እስከ ዛሬ እኔ ብቻ ነበርኩ» አለች ለአክስቷ። «የነገው ግን የሱ ተራ ነው።»

አባቷ ኩባያውን አልነካውም። ጆሮው ድረስ ቀላ። «የት አገኘሽው?»

«ከካቻቢቴው ሥር።»

«ውሃ አይይዝም እኮ። ሞክሬዋለሁ።»

«ሩዝ ይይዛል። ሦስት ነው በሱ።»

አክስቷ እጇን ዘርግታ ኩባያውን አነሳችው። ከጠርዙ የጎደለውን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። የእህቷ ኩባያ መሆኑን አውቃለች። መልሳ አስቀመጠችው።

«የማታው አውቶቡስ ላይ ቦታ ይዤ ነበር» አለች። «ይቅር። ነገ ምሳ በልቼ እሄዳለሁ። ስለ ፌንጣም የምንነጋገረው ያኔ ነው።»

እሑድ ረፋድ ላይ ትልቋ የሂሳብ ደብተሯን ይዛ ሳሎን ተቀመጠች። አክስቷ ከፊቷ ጋዜጣ ይዛለች፤ ገጽ ግን አትገልጥም። ሻንጣው በሩ አጠገብ እንደነበረ ነው። ኩሽና ውስጥ መሳቢያ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ፌንጣ ወሬ አመላላሽ ሆናለች።

«ሽንኩርቱን እየከተፈ እያለቀሰ ነው።»

«ሁሉም ሰው ያለቅሳል በሽንኩርት።»

ትንሽ ቆይታ ዘልላ ተመለሰች። «አሁን ሽንኩርቱ አረረ። ጭልፋውም ወደቀ።»

የማረሩ ሽታ ሳሎን ደረሰ። የትልቋ ጉልበቶች በራሳቸው ሊነሱ ቃጡ። አክስቷ በጋዜጣው ጠርዝ በኩል እያየቻት ነው።

«ትልቋ!» አለ አባቷ ከውስጥ። «ውሃው እስከ የት ነው?»

ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ ነበር። አሥር እርምጃ ብትራመድ እሳቱን ትቀንሳለች፣ ያረረውን ትለቅማለች፣ ምሳው ይተርፋል።

«እስከ ታችኛው ብሎን!» ብላ ጮኸች።

«የቱ ነው የታችኛው?»

«አባዬ፣ ሁለት ናቸው እኮ!»

 ከዚያ ውሃ ሲንቆረቆር ተሰማ፤ ቀስ ብሎ፣ እየቆመ፣ ደግሞ እየቀጠለ። ትልቋ ተመልሳ ተቀመጠች፣ እርሳሷን አነሳች፣ ወደ አራተኛው ጥያቄ አለፈች።