ሁለት ጊዜ የተመታችው ላ

«ከትናንት ጀምሮ እየጠበቅንዎት ነው» አለች አጃቢዋ ፒያኒስት፣ ቦርሳ ይዛ የገባችውን ሴት ስታይ። «የሁለት ቁጥር ክፍሉ ፒያኖ ነው። የመሃሏ ኖታ፣ ላ፣ ሞታለች። ቢመቷት ድምፅ የላትም።»

«እኔ እንኳ የመጣሁት ለሌላ ሟች ነው የኔ ልጅ። መርማሪ ነኝ።»

አጃቢዋ የምትገባበት ጠፋት። ፒያኖ ቃኚ መስላት ነበር።

የወጣት ሙዚቀኞች ዓለም አቀፍ ውድድር ለምሳ በተቋረጠበት ሰዓት፣ የዳኞቹ ሰብሳቢ ከመድረኩ ጀርባ ካለው ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ወድቀው፣ ሞተው ተገኝተዋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። በጥቁሩ ኮት ደረት ላይ የመዳፍ ቅርጽ ያለው ነጭ ዱቄት አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሙጫ ነው፤ የቫዮሊን ደጋን የሚታሽበት» አለች አጃቢዋ።

ከሟቹ ኪስ የወጣው ወረቀት «ቁጥር ሰባት፤ ላ ሁለት ጊዜ። ከምሳ በኋላ ለሁሉም ይነገር» ይላል። አጃቢዋ አነበበችውና ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተከለች።

ተወዳዳሪ ቁጥር ሰባት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ጣቶቿ ሙጫ በሙጫ ናቸው።

«በምሳ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ግቢው ውስጥ። ፈርቼ መብላት አቃተኝ።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«የለም።» በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ልጅቷን አተኩሮ አያት።

ቀጥሎ የልጅቷ የቫዮሊን መምህር ገቡ። አጃቢዋንም ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምትላቸው።

«እኔ ሁለት ቁጥር ክፍል ሆኜ የልጅቷን ቫዮሊን እየቃኘሁ ነበር።»

«በምን?»

«በፒያኖው ነዋ። ላን እየመታሁ።»

አጃቢዋ ወደ መርማሪዋ ዞረች። መርማሪዋ ግን ጻፈች እንጂ ቀና አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ዳኞቹ ተወዳዳሪውን እንዳያዩ መጋረጃ አለ» አለች መርማሪዋ። «ቁጥር ይጠራል፤ ቫዮሊኑ እንዲቃኝ ላ አንድ ጊዜ ትመታለች። ለቁጥር ሰባት ብቻ ሁለት ጊዜ ተመታች። ይሄ ለአንዱ ዳኛ ‹የኛዋ ናት› የሚል ምልክት ነው። ሰብሳቢው ነቁ፤ ሊናገሩም ነበር። ፊት ለፊታቸው የቆመ፣ እጁ ሙጫ የነካ ሰው ገፋቸው። መምህር፣ እርስዎ ሙጫ ይነካሉ። ቃኘሁባት ያሏት ላ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ድምፅ የላትም። እዚያ ክፍል አልነበሩም።»

የመምህሩ ወዳጅ የሆኑት ዳኛ አንገታቸውን ደፉ። መምህሩ ልጅቷን በጣታቸው አመለከቱ።

«እሷ ናት ምልክቱን የለመነችኝ። እሷን ጠይቂ።»

አጃቢዋ ተነሳች።

«ይተዉ ጋሼ። ላን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። እሷ ምንም አታውቅም።» ድምፅዋ ወረደ። «እምቢ ማለት ነበረብኝ።»

መምህሩ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጡ። «ሰብሳቢው ተማሪዎቼ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር። ለመንኩት። ‹መንገድ ልቀቅ› አለኝ፤ ገፋሁት።»

በማግስቱ ልጅቷ በሌላ ቁጥር፣ በሌላ አጃቢ ተጫወተች፤ ላ አንድ ጊዜ ብቻ ተመታች። የቀድሞዋ አጃቢ አልሰማቻትም፤ ፖሊስ ጣቢያ ቁጭ ብላ ቃሏን እየፈረመች ነበር።