ወደ ውስጥ የሚከፈት በር

ፍሬምናጦስ የሞተው ድሮን ሲሞክር ራሱን ከአደጋ ሊጠብቅበት ባሠራው የሽቦ ክፍል ውስጥ ነው። አንገቱ በአንድ በኩል ተሰንጥቆ፣ የድሮኑ ሪሞት በማንገቻው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። ድሮኑ አራቱንም ፕሮፔለሮቹን ደም አልብሶ እግሩ ሥር ተገልብጧል። ሬሳውን ያገኘው፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ የገባው፣ ደሙም እጁ ላይ የቀረው ጎረቤቱ ነስረዲን ነበር።

ነስረዲን በያጅ ነው። አብነት ሰፈር ውስጥ፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ በማያልፍበት ግቢ፣ ከሟቹ ጋር አንድ የላሜራ ግድግዳ ይጋራል። የሽቦ ክፍሉንም የሠራው እሱ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ሰፈርተኛው በሩ ሲሰበርበት «ጋሼ» ይለዋል፤ በሩ ሲጠገንለት ደግሞ «ያ ቀጥቃጭ»። ዛሬ ግን ሁሉም ስሙን ከነአባቱ አስታውሶ ለፖሊስ ነግሮለታል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የግቢው መውጫ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ኢንስፔክተር አያንቱ፣ አጭር፣ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት፣ እጁን አየችው እንጂ ይታጠቡ አላለችውም።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ማን አለ?»

«ግቢው በሙሉ።»

«ይኼ ግቢ ቧንቧ ለማሠራት እንኳ ተስማምቶ አያውቅም። እኔ ላይ ተስማማ?»

«እርስዎ ምን አሉት?»

«በሩን ወደ ውጭ አዙርልኝ አለ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ይይዘዋል አልኩት። ‹አንተ መቼ ትሠራለህ፣ ትቀጠቅጣለህ እንጂ› አለኝ። ነደደኝ። ‹እዚያው ተዘግተህ ቅር!› አልኩት።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ክፍሉ የጠበበበት መሰለው። በገዛ አፉ የገዛ እስር ቤቱን በየደ።

«ሪሞቱን ነክተዋል?»

«ወላሂ አልነካሁም። ስገባ የሪሞቱ መብራት ጠፍቶ ነበር።»

ቀጥሎ የተጠየቀው ዋቅሹማ ነው፤ ከሟቹ ጋር ሠርግ በድሮን የሚቀርጽ፣ ኢንጂነሪንግ የጨረሰ ወጣት። በዚያ ጭቃ ውስጥ ጫማው ንጹሕ ነበር።

«እኔ ሜክሲኮ አደባባይ ቁርስ እየበላሁ ነው የተደወለልኝ፤ ካፌው ሁሉ ይመሰክራል» አለ። «እንደኔ ግምት ሪሞቱን ሳያጠፋ ጎንበስ ብሎ፣ እጅጌው የሪሞቱን መሪ ገፍቶት ነው። ሪሞቱ ከጠፋ ድሮኑ በድን ነው፤ ሕፃን ይዞት ይጫወታል።»

«ሪሞቱ ግን ጠፍቶ ነው የተገኘው።»

«እንግዲያ ያጠፋው አለ።» ዓይኑን ወደ ነስረዲን እጅ ወረወረ። «መጀመሪያ መሪውን የነካበትም እሱ ይሆናላ። ይቅርታ ጋሼ፣ የማየውን ነው።»

ነስረዲን ቡጢ ጨበጠ፤ ከዚያ ቡጢው ራሱ እንዳይመሰክርበት ፈታው።

የሟቹ ሚስት ጊፍቲ አልቅሳ ድምፅዋ ተዘግቷል። «ሰንጋ ተራ አንድ ሠርግ ላይ ድሮናቸው የአንዲት ሕፃን ዓይን አጠፋ። ከዚያ ወዲህ ፍሬ ሌላ ሰው ሆነ» አለች። «ጠረጴዛ ላይ ሲፈታታው ፕሮፔለር ሳይነቅል ባትሪ አይሰካም። ዳዶዎቹን ካጠበቀ በኋላ በኔ ጥፍር ቀለም ከዳዶው እስከ ፕሮፔለሩ ቀይ መስመር ያሰምራል፤ ከላላ መስመሩ ይጣመማል ብሎ። ሽቦው ክፍል ውስጥ ሞክሮት ሊያነሣው ሲጎነበስ ደግሞ ሪሞቱን ሳያጠፋ ፈጽሞ አይሆንም። ‹እጅጌዬ ቢነካውስ› ይል ነበር። መጀመሪያ ሪሞቱን ያጠፋል፣ ከዚያ ባትሪውን ይነቅላል።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም። እንቀልድበት ነበር።»

«ትናንት ድሮኑ የት ነበር?»

«ዋቅሹማ ጋ። ካሜራውን ላስተካክል ብሎ ወስዶ ማታ መለሰው።»

ሬሳው ከተነሣ በኋላ አያንቱ ከአንድ ባለሙያ ጋር ሽቦው ክፍል ውስጥ ቆየች። ነስረዲን በላሜራው ማዶ ሆኖ ሞተሮቹ በድንገት ሲጮኹ ሰማ፤ ከዚያ ጸጥ።

ነስረዲን፣ ዋቅሹማና ጊፍቲ ተጠርተው መተላለፊያው ላይ ተደረደሩ። ድሮኑ ፕሮፔለሮቹን እንደለበሰ የሽቦ ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ ሪሞቱ አያንቱ እጅ ላይ በርቷል።

«ጋሽ ነስረዲን፣ ይግቡና ከሆዱ ደግፈው ይያዙልኝ።»

እምቢ ቢል ወንጀለኛ ነው። ቢገባ ምን እንደሚሆን አያውቅም። የገዛ በሩን ገፍቶ ገባ፤ በሩ ከኋላው ተዘጋ። ተንበረከከ፣ ያዘ። ፊቱ ከፕሮፔለሮቹ ክንድ አይርቅም።

«አሁን ሪሞቱን አጠፋዋለሁ» አለች።

ጊፍቲ ጣቶቿን ሽቦው ውስጥ እንዳስገባች ቆማለች፤ አልተነቃነቀችም። ዋቅሹማ ግን ሁለት እርምጃ ሸሽቶ ከላሜራው ኋላ ገባ።

ማጥፊያው ቀጭ አለ። ምንም አልሆነም። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

«የድሮኑ ባትሪ ባዶ ነው፤ ቅድም ቀይሬዋለሁ» አለች አያንቱ። «ዋቅሹማ፣ ሪሞቱ ሲጠፋ ድሮኑ በድን ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ከበድን ማን ይሸሻል?»

«ደ… ደመ ነፍስ ነው።»

«እሺ፣ ደመ ነፍስ ይሁን። ዳዶዎቹን እንያቸው። እኛ ሳንነካቸው የአራቱም ቀይ መስመር ተጣሞ ነበር፤ ፕሮፔለሮቹ ከተሰመሩ በኋላ ተነቅለው ተመልሰዋል። አንዱ ቢሆን ላላ እል ነበር። አራቱንም የነቀለ ሞተሮቹን በሙሉ ኃይል ሊያስጮህ ያሰበ፣ ለጣቱ የፈራ ሰው ነው። ለምን አስጮሃቸው? ይህ ድሮን ከሪሞቱ ሲለያይ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይነገረዋል። ፍሬምናጦስ ‹ቁም› ብሎት ነበር። ትናንት አንድ ሰው ‹በሙሉ ኃይል ተነሣ› አለው። ቅድም ፕሮፔለሮቹን ነቅለን ሞከርነው፤ ሪሞቱን ሳጠፋው ትንሽ ቆይቶ ጮኸ።»

ወደ ነስረዲን ዞረች። «የእርስዎ እጅ ደም በደም ነው፤ የሪሞቱ ማጥፊያ ግን የደም አሻራ የለበትም። ያጠፋው ራሱ ሟቹ ነው፣ ሳይቆረጥ፣ እንደ ልማዱ። የዳነ መስሎት ጎንበስ አለ። ለገዳዩ የሚያስፈልገው ያንን ልማድ ማወቅና ጠዋት ሜክሲኮ ቁርስ መብላት ብቻ ነበር።»

«ለምን ብዬ ነው የምገድለው?» አለ ዋቅሹማ።

መልሱ ከጊፍቲ መጣ። «ሰንጋ ተራ ሪሞቱ አንተ እጅ ነበር። ፍሬ ሸፈነልህ፣ ሰዉ እሱን ሰደበ። ዛሬ ለልጅቷ አባት እውነቱን ሊነግር ነበር። አንተም ታውቅ ነበር።»

ዋቅሹማ የግቢውን መውጫ አየ። ፖሊሱ እዚያው ነው። «ለመንኩት እኮ» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ዝም በል ብቻ ነበር ያልኩት።»

«ጋሽ ነስረዲን ላይ ስታሳብብ አላፈርክም?» አለች ጊፍቲ።

ካቴናው ገባ። ቅድም ነስረዲንን በክፉ ዓይን ሲያዩ የነበሩ ጎረቤቶች ለዋቅሹማ መንገድ ለቀቁ፣ ከዚያም «ጋሼ፣ እንኳን አላህ አወጣዎት!» ማለት ጀመሩ።

«ይውጡ እንግዲህ» አለችው አያንቱ።

ነስረዲን ተነሣና በሩን ወደ ራሱ ሳበ። በሩ ደረቱን ገፋው። ለማሳለፍ ወደ ኋላ ሲል ተረከዙ ፕሮፔለሩን ነካ፤ ደንግጦ ወደ ፊት ሲመለስ በሩ መልሶ ተዘጋ። እንደገና ሞከረ። በበሩና በድሮኑ መካከል የአንድ ሰው ቦታ አልነበረም። ፍሬምናጦስ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠው እዚህ ነው፤ በሩን ወደ ውጭ አዙርልኝ ያለውም ለዚህ ነበር።

«ይሳቡት እንጂ፤ አልተቆለፈም እኮ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ነስረዲን ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ በቀዳዳው አያት።

«ስስበው ወዴት ልሁን?» አላት።