ከግንዱ ማዶ

ይህን የምጽፈው ሰው ላስፈራ ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ የነበርኩበት ነገር ነው። ያመነ ይመን።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ጫካ ነው፤ ከመንደር የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ።

ሁለት ነበርን። እኔና የሟች ሚስቴ ወንድም። ወሬ ስለማያቋርጥ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ መጋዝ በሁለት ጫፍ ይዘን ዛፍ ጥለናል። ከእሱ ሌላ ቤቴን የሚያንኳኳ ሰው የለኝም።

የሁለት ሰው መጋዝ አይገፋም፤ ይሳባል። አንዱ ሲስብ ሌላው እጁን ያላላል። መጋዙ ከእጅህ ከሄደ ማዶ ሰው አለ ማለት ነው።

ዛፉ ወፍራም ነው። ግራና ቀኝ ስንቆም አንተያይም።

ሳንጀምር ሬዲዮ ቀና ብሎ አየ። በእሱ በኩል የተሰበረ ትልቅ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይህን በገመድ እናውርደው።»

«ስንት ዓመት ተንጠልጥሎ የኖረ ዛሬ አንተን አይቶ ይወድቃል?»

«የሚወድቅበት አናት የኔ ነዋ!»

«ፈሪ። ገና ከተማ ሳትገባ ከተሜ ሆንክ።»

የከፋኝ በቅርንጫፉ አልነበረም። ጠዋት መንገድ ላይ ነግሮኛል። የሚመጣው ሳምንት ጠቅልሎ ከተማ፣ ልጁ ዘንድ ሊገባ ነው።

«እኔስ?» ብዬው ነበር።

«ጋሼ ደግሞ! ድንጋይ አይደለህ እንዴ፣ ምን ትሆናለህ?» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ፊቱን ማየት አስጠላኝ።

መሳብ ጀመርን።

ትንሽ ቆይቶ ማዶ... ድም አለ። ከባድ ነገር ወደቀ። መጋዙ ቆመ።

ሕጋችን የታወቀ ነው። አንድ ነገር ከወደቀ መጋዝ ይለቀቃል። ግንዱን ዞረህ የጓደኛህን ፊት ታያለህ። ሕጉን ለሬዲዮ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አልዞርኩም።

«አለህ?» አልኩ፣ ባለሁበት ቆሜ።



በመልስ ፈንታ መጋዙ ተሳበ።

አኩርፏል አልኩ። እኔም ሳብኩ።

ሄደ። መጣ። ሄደ። መጣ።

ሬዲዮ ሳል አለበት፤ ቶሎ ቶሎ ያርፋል። አሁን አላረፈም። አልሳለም።

ሲስብም መጨረሻ ላይ ነጠቅ ያደርጋል፤ ልማዱ ነው። ይሄኛው አይነጥቅም። ልስልስ ያለ ነው...

ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ።

«ሬዲዮ... ተው እንጂ። አንድ ነገር ተናገር።»

መጋዙ ተሳበ።

ያኔ መጋዙን ለቅቄ ዞርኩ።

ሬዲዮ ከቅርንጫፉ ሥር ተደፍቷል። ከወገቡ በታች አይታይም። እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዟል።

አፉ አፈር ሞልቶታል። በጥፍሮቹ መሬቱን ቧጥጦታል፤ ወደ እኔ በኩል። ደጋግሞ... ጥልቅ አድርጎ።

ወዲያው አልሞተም። እኔ ስስብ እሱ ሕይወት ነበረው።

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ጫካው ጭር ብሏል። ብጮህ የሚሰማኝ የለም።

ሽር...

ቀና አልኩ። መጋዙ ወደ ግንዱ ውስጥ እየገባ ነው። አሁን ለቅቄው ከመጣሁበት በኩል የሆነ ነገር ይስበዋል። በሬዲዮ በኩል ያለው እጀታ ቅርፊቱን እስኪነካ ሄደ።

ቆመ። ተራዬን ጠበቀ።

መሮጥ ነበረብኝ። ስጽፈው አፍራለሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ ብቻዬን መቅረቱ ባሰብኝ...

ተነሳሁ። እጀታውን ያዝኩ። ሳብኩ።

ማዶ ያለው አላላልኝ።

ሄደ። መጣ። አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ዛፉ ወደ ቁልቁለቱ ሲወድቅ ብርሃን ገባ። በጉቶው ላይ አሻግሬ አየሁ።

ማንም የለም።

ዞሬ ሄድኩና የማዶውን እጀታ ነካሁት።

ይሞቃል።