የማይለቅ ጥፍር

«እኔ የቀመርኩትን ጨዋታ የሚያሸንፍ ጠላት ገና አልተረገዘም» አለች ዝማሜ፣ ከጥቁር ድንጋይ በተጠረበው ገበጣ ፊት በርጩማ ዱካዋ ላይ ተደላድላ።

በሰርገም አደባባይ የተሰበሰበው ሕዝብ «እሰይ» ለማለት ምራቅ እንኳ አልነበረውም። የመንግሥቱ የዝናብ ደወል ከማማው ከተሰረቀ ወዲህ ሰማዩ ደመና አላየም። ምንጩ ጭቃ፣ ጭቃው ትቢያ ሆኗል፤ ባዶው ሰንሰለት በነፋስ እየተንቋቋ በሰው ላይ ያላግጣል። ሌባው የተሰወረ አልነበረም። የጨው ንጉሥ ዶሎክ ነው፤ ከፀጉሩ እስከ ተረከዙ ጨው የሆነ፣ ካፊያ ቢነካው የሚሟሟ ጉድ። ዝናብ ጠሪውን ደወል ወስዶ በምሽጉ አስሮታል። «ጉድጓዳችሁ ሲደርቅ እንባችሁን ልጠጣ እመጣለሁ» ብሎም ልኮባቸዋል።

የሰርገም ልማድ እንዲህ ነው፦ የሰው ክንድ ሲያጥር ገበጣው ይወጣል። ቀማሪዋ በየጉድጓዱ አገር ትዘረጋለች፤ በአንዱ የበረሃ አሸዋ፣ በአንዱ የተራራ አለት ስባሪ ታኖራለች። መንገዱን ትቀምራለች፣ መከራውን ትቀምራለች፣ ተጫዋቾቹ ምን ሆነው እንደሚዘምቱም ትናገራለች። ጠጠሩን የጨበጠ የተባለውን ይሆናል። የተባለውም አይታጠፍም። አያቶቻቸው ነብር ሆነው ተጫውተዋል፤ ንስር ሆነውም ተጫውተዋል። የዘንዶ ጨዋታ ልቀምር ያለች ግን አልነበረችም፣ ዝማሜ እስክትመጣ። ፊደል ቤት ገብታ ወንበሩ ሳይሞቃት የወጣች፣ ዱካውን ከሟች አክስቷ የወረሰች፣ አፏ ዕድሜዋን የሚቀድም ልጅ ነበረች።

ተጫዋቾቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ ታላቅ ወንድሟ ደጎል፣ ክራር ሲገርፍ ከብት እንኳ ማመንዠኩን የሚያቆምለት። ሁለተኛው ባሻ ጠንክር፣ ጎራዴያቸው የዛገ አንደበታቸው ያልዛገ አሮጌ ወታደር። ሦስተኛዋ የበር ጠባቂዎቹ አለቃ ልጅ ወለላ፣ ምንጭ ወረፋ ላይ ፀጉር ለፀጉር ከተያያዙ ጀምሮ ዝማሜን በዓይኗ ማየት የማትፈልግ።

«ዘንዶ ትሆናላችሁ» አለች ዝማሜ። «ክንፋችሁ የአዳራሽ ጣሪያ ያህል ይሁን። እሳታችሁ ተራራ ያንጥር። ጥፍራችሁም አንዴ የያዘውን ፈጽሞ አይልቀቅ።»

«ቆይ» አለች ወለላ። ተጫዋች ጠጠሩን ሳይጨብጥ አንድ ሕግ ይነሳልኝ ማለት ይችላል፤ ሌላ ተጫዋች ከደገፈው ሕጉ ይነሳል። «የመጨረሻዋን አንሺልኝ። የማይለቅ ጥፍር ምን ያደርግልኛል? ራሴን ባክክ ራሴን ይዤ ልቀር ነው?»

«ዶሎክ ደወሉን ከእጃችሁ እንዳይመነትፍ ነው፣ አንቺ ደነዝ። ዘንዶ ልሁን ብለሽ ጥፍር ከፈራሽ ዶሮ ሁኚ።»

አደባባዩ ሳቀ። ወለላ ዘወር ብላ ደጎልን አየችው። ደጎልም እየሳቀ ነበር። ባሻ ጠንክር ጢማቸውን ያሻሻሉ። ደጋፊ ጠፋ፤ ሕጉም ጸና።

ሦስቱም እጃቸውን በገበጣው ላይ ዘርግተው ማሉ፦ «ደወሉ በሰንሰለቱ ተሰቅሎ ሳይጮኽ ጨዋታው አይዘጋ። ጨዋታው ሳይዘጋ ፀሐይ ብትጠልቅ፣ እንደሆንን እንቅር። ብንከዳ ምድር አትቀበለን።» ጠጠራቸውን ጨበጡ። በተቀመጡበት ቦታ አቧራ ተነሳ፤ አቧራው ሲበርድ ሦስት ዘንዶዎች የአደባባዩን ግንብ ደገፍ ብለው ያዛጋሉ።

ባሻ ጠንክር አሮጌ ዘንዶ ሆኑ፤ ጢማቸው አልተለወጠም። «ወገቤ ዛሬም ያው ነው» አሉ ሲነሱ፤ ጎራዴያቸው ገበጣው ሥር ወድቆ ቀረ።

በረሩ። ዝማሜ ከዱካዋ ሳትነሳ ድምፅዋ በጆሯቸው ይሰማቸው ነበር። በገበጣው ላይ የቀሩትን ጠጠሮች ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ታራምዳለች፣ የበግ ቁርጭምጭሚት እንደ ዕጣ ትጥላለች፣ እንደ አወዳደቁ ትናገራለች። «ከፊታችሁ የሚነድ አሸዋ አለ። አሸዋው ዓይን አለው። ምን ታደርጋላችሁ?»

«እናሳውረዋለን» አለች ወለላ፤ እሳቷን ተፋችበት፣ በረሃውም መስታወት ሆነ።

«ጎበዝ ዶሮ» አለች ዝማሜ።

«ስመለስ እንተያያለን።»

የዶሎክ ምሽግ በነጭ ተራራ ጫፍ እንደ ተሰበረ ጥርስ ቆሞ ነበር። ንጉሡ በግንቡ ላይ ወጣ፤ ሲናገር ከከንፈሩ የጨው ፍርፋሪ ይራገፋል። «እናንተ የጭቃ ልጆች» አለ። «ክንፍ ብትበደሩ ጥማችሁን አትጥሉትም። እኔ ባሕር ያደረቅሁ ነኝ። እናታችሁ ያለቀሰችላችሁን እንባ ሁሉ ጠጥቼዋለሁ፤ አልጣፈጠኝም።»

«ሙትቻ» አሉ ባሻ ጠንክር፤ መልሳቸው ይኸው ብቻ ነበር። በደረታቸው ግንቡን ደረመሱት። ወለላ የጨው ወታደሮቹን በክንፏ እየጠረገች ገደል ከተተች። ደጎል በፍርስራሹ መሃል ሾልኮ ደወሉን አገኘው፤ እንዳይጮኽና ቦታው እንዳይታወቅ ብሎም ከውስጡ የተንጠለጠለውን ምላሱን በቀኝ ጥፍሩ ጨበጠ። ይዞት ሽቅብ ተወነጨፈ። ዶሎክ በጨው አውሎ ነፋስ ላይ ተፈናጥጦ፣ የቀረውን ሠራዊት አስከትሎ ተከተላቸው።

ሰርገም ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ተራራው አዘንብላ ነበር። ደጎል ማማው ላይ ተጠመጠመ፣ የደወሉን ቀለበት በጥርሱ ከሰንሰለቱ አያያዘ። ደወሉ ግን አልጮኸም። ምላሱ የተያዘ ደወል ዝናብ አይጠራም።

«ልቀቀው እንጂ» አለች ዝማሜ።

«ለቅቄዋለሁ።»

«የት ለቀቅከው? ይኸው ይዘኸዋል።»

«እኔ ለቅቄዋለሁ እልሻለሁ። ጥፍሩ ነው ያልለቀቀው።»

ወለላ በንዴት ጅራቱን ይዛ ጎተተችው። ጎትታ ጎትታ ሲደክማት ልትተወው ፈለገች፤ የእሷም ጥፍር አልከፈት አለ። ከማማው ቁልቁል እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠለጠለች። ባሻ ጠንክር ሊረዱ ተጠግተው፣ ሁለቱን አይተው እጃቸውን ወደ ብብታቸው ሰበሰቡ።

ዝማሜ ገበጣው ላይ ተደፋች። «ሕጉን አንስቻለሁ» አለች። ድንጋዩ ዝም አለ። «የማይለቀው ጥፍር ይልቀቅ።» ቁርጭምጭሚቶቹ ለሁለት ተሰነጠቁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ቅቤም ከላም ጋር ከሞተ ሰነባብቷል።

«አሁንስ?» አለች ወለላ ከላይ ተዘቅዝቃ። «ዶሮ ልሁን?»

በከተማዋ በር ላይ ጨው ሲፋጭ ተሰማ። «ክፈቱ» ይላል ዶሎክ፣ «ለምሽት የሚሆን እንባ ቀርቷችሁ እንደሆነ።» ከፀሐይዋ ግማሹ ወርዷል።

«ዝማሜ» አለ ደጎል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የባሻ ጎራዴ እግርሽ ሥር ነው። የእጄ አንጓ ላይ ቅርፊት የለም።»

ገባት። ያልገባት ለመምሰል ግን ጊዜ ወሰደች። «ሌላ ሰው ይቁረጥ። ቀማሪ ጨዋታው ሳይዘጋ ከዱካዋ ከተነሳች ዳግም አትቀመጥም።»

«ገበጣው ከተዘረጋ ከአንቺ በቀር ሰው እንደማይነካን አንቺው ታውቂያለሽ።»

«ያ እጅህ ክራር የምትመታበት ነው።»

«የማን እጅ እንደሆነ ጠፍቶኝ ይመስልሻል?»

ዱካው ከሥሯ ሞቋል። የአክስቷ ዱካ፣ የስሟ ዱካ፤ አገር ሁሉ ዞር በይ ሲላት እሱ ብቻ ነይ ያላት። ወደ ወለላ አየች። ወለላ በዚህ ጊዜ አልሳቀችባትም፤ ይህ ደግሞ ከሳቁ ይበልጥ አቃጠላት። ጎራዴውን አነሳችና ከዱካዋ ተነሳች። የማማውን ደረጃ ወጣች። ዕድሜዋን በሙሉ «ደጎል» እያለች በስሙ የምትጠራውን ወንድሟን፣ «ጋሼ፣ ዓይንህን ጨፍን» አለችው።

«አንቺ እንዳትጨፍኚ» አለ።

የዛገ ጎራዴ በአንድ ምት አይቆርጥም። እሷም አልጨፈነችም።

ደጎል ወደ ኋላ ተሽቀነጠረ፤ ጥፍሩ ግን የያዘውን እንደያዘ በደወሉ ምላስ ላይ ቀረ። ምላሱ ተወዛወዘ። የደወሉ ድምፅ እንደ ድሮው የጠራ አልነበረም፤ ጎርናና ነበር፣ ከጉሮሮ እንደሚወጣ የቁጣ ድምፅ። ሰማዩ ግን አወቀው። ደመናው ከአራቱም ማዕዘን እየተጋፋ መጣ፣ መጀመሪያዋ ጠብታ የዝማሜ ግንባር ላይ አረፈች፣ ከዚያ በኋላ የቆጠረ የለም። በበሩ ላይ ዶሎክ «ቆይ፣ እንነጋገር» ሲል ተሰማ፤ ቃሉን ሳይጨርስ በቦዩ ፈሰሰ። ለብዙ ሳምንት የበሩ አካባቢ ሣር አላበቀለም።

ፀሐይዋ ሳትሰጥም ጨዋታው ተዘጋ። በጭቃው ላይ ሦስት ሰዎች ተገኙ። ባሻ ወገባቸውን ይዘዋል። ወለላ የደጎልን እጀ ጠባብ ጫፍ ጨብጣለች፤ አሁን መልቀቅ ስትችልም ወዲያው አልለቀቀችም። ደጎል ከአንጓው የተቆረጠ ቀኝ ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ ዝናቡን አፉን ከፍቶ ይጠጣል።

ቁስሉ ጠግጎ የድሉ ግብር ሲጣል፣ አዝማሪው ስለ ዘንዶዎቹ አወረደ፣ ሹማምንቱ አወደሱ። የደጎል ክራር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዝማሜ ብዙ ታገሰች፤ ለእሷ ያ ብዙ ነበር። በመጨረሻ ብርሌዋን አንስታ ቆመች። ዱካ የሌላት ቀማሪ ቆማ ነው የምትናገረው።

«ያም ሆነ ይህ» አለች፣ «እኔ የቀመርኩትን ጨዋታ ማንም አላሸነፈውም።»

ደጎል ከመደቡ ብድግ ብሎ፣ በግራ እጁ ወገቡን እንደያዘ ወደ እሷ መጣ።

«አላሸነፈውም» አለ። «አሁን ነይና ቀበቶዬን እሰሪልኝ፤ ሱሪዬ ሊወልቅ ነው።»