የተዘጋው ግሉኮስ

«ሰምተሻል? ያ ነርስ ሁለት መድኃኒት ደባልቆ የዲያቆኑን ሚስት ደፋት!» አለች ወለተ ኢየሱስ፣ አንገቷን በአጥሩ ቀዳዳ አስግጋ። ጎረቤቷ ኢንስፔክተር መቅደላዊት የታጠበ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ወጣች።

ቁይ ከተማ ዳር ባለችው የግል ክሊኒክ ደጅ የሰፈሩ ጎረምሳ ዱላ ይዞ «ነርሱን አውጡልን!» ይላል። ውስጥ የዲያቆኑ ሚስት ዓይናዲስ ነጠላ ተጥሎባት ተጋድማለች።

«ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ» አለ ነርሱ ውበቱ። «የደም ግፊቷ በአንዱ መድኃኒት አልነሣ አለኝ። ግሉኮሱ ውስጥ ሌላ ብጨምርበት ተነሣ፤ ዓይኗን ገልጣ ማውራት ሁሉ ጀመረች። ግን እሱ ማቆያ ነው እንጂ ደም አይተካም። ደብረ ማርቆስ የሚያደርሳት መኪና ልጠራ ወጣሁ፤ ስመለስ አልቆላታል።»

መቅደላዊት የተሰቀለውን ግሉኮስ ቀና ብላ አየችው። ከግማሽ በላይ አለ፤ መዝጊያው ጥርቅም ብሏል። ነጠላውን ገለጥ ብታደርግ የሟቿ ጎን በጫማ ተረከዝ ቅርጽ በልዟል።

የሟቿ አማት ወለተ ሐዋርያትና የሟቿ ጓደኛ የዓለምዘርፍ ያን ሰዓት ጓሮ ሕፃኑን ሲያጥቡ ነበሩ፤ አንዷ ለሌላዋ መሰከረች። ባልየው ዲያቆን አንሙት ግን «እኔ ከውጭ ነበርኩ» አለ እንባውን እየጠረገ። «ነገ የቅዳሴ ተረኛ ነኝ። አራስ ክፍል ገብቼ፣ ረክሼ ልቀድስ?»

መቅደላዊት ክፍሉን ቆለፈችና ቁልፉን ይዛ ሄደች።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ሁሉንም ክሊኒኩ ሰበሰበቻቸው።

«መድኃኒቱ አልገደላትም፤ እሱማ አንደበቷን መለሰላት። የገደላት ግሉኮሱን የዘጋው ነው። ማን ይዘጋል? ረግጦ ደሟን ያፈሰሰው! ልታወጣበት ነበራ።»

«አልገባሁም አልኩ እኮ!» አለ አንሙት።

«ታዲያ ዛሬ ተረኛው አንተ፣ የቀደሰው ሌላ። ከቅጽሩ ውጭ ቆመህ ስትሳለም አየሁህ።»

«ሐዘኑ ከብዶኝ...»

«ሐዘንተኛማ ቅጽር ገብቶ ያለቅሳል። የማይገባው አራስ ክፍል የገባ ነው። ለእኔ ዋሸህ፤ መቅደሱን ግን ፈራህ።»

አንሙት ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። «እቤት ሳለን አንዴ ብቻ ነው የረገጥኳት። ለቅዳሴ የምለብሰውን ነጠላ ሳታጥብ ብታውለው... ብትናገርብኝ ክህነቴ...»

«ወግድ!» አለች መቅደላዊት። ደጅ ያለው ጎረምሳ ዱላውን ዝቅ አደረገ።

«ሰይጣን አሳስቶት ነው!» አለች ወለተ ሐዋርያት ደረቷን እየደቃች። «ልጄ እግዜርን ይፈራል። ይኸው፣ ዛሬ እንኳ ፈርቶ ደጅ ቆመ!»

አንዳንዱም በመስማማት ራሱን ነቀነቀ።

የዓለምዘርፍ ሕፃኑን እንደታቀፈች ዞር አለች። «እትዬ፣ እግዜርንማ ቢፈራ ኖሮ፣ የሚቆመው ትናንት እዚህ በር ላይ ነበር!»